አንገቷን ስለደፋችው የልጅ ልጄ

ለተከበሩ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከደጃፍዎ የማይጠፋው ዘበኛ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ የላይኛው የፊት ጥርሴ ትናንት ቁርስ ላይ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን መልቀቁን በጥልቅ ኀዘን አስታውቃለሁ። ማዕከልዎ የልጅ ልጄን አባርሮ ሲያበቃ «በገዛ ፈቃዷ አቋርጣለች» ብሎ ስለጻፈ፣ አነጋገሩን ወድጄው ነው።

ምናልባት ያስታውሷት እንደሆነ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መጠጥ ቢያሸንፋት «አባባ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፤ ይውሰዱኝ» ብላ በገዛ እግሯ ነበር የመጣችላችሁ። ስለተደረገላት ሁሉ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ አማካሪዋ እናቷን የምታክል ሴት ስለሆነች፣ የልጅ ልጄ እንዳሳደግኳት አንገቷን ደፍታ በዝግታ መለሰችላት። አማካሪዋም «ዓይኔን እያየሽ ካላወራሽ ትዋሺያለሽ» አለቻት። አክብሮት የውሸት ምልክት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማራችሁኝ እጅ እነሳለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ስትባል «ደህና፣ ተመስገን» ማለቷም በሽታዋን እንደ መካድ ተቆጥሮ ለመባረሯ ምክንያት ሆኗል። እንዲያ ከሆነማ ለሰፈራችን በሙሉ አልጋ ይያዝለት፤ እኔም ጥርሴን ይዤ እመጣለሁ።

፪ኛ፦ ይህችው አማካሪ «ክትትል» ብላ የልጅ ልጄ እስከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ድረስ ሄዳ፣ ደንበኞች ልብስ እየለኩ ሳለ አሠሪዋን «መጠጡን ቀነሰች ወይ?» ብላ ስለጠየቀችልን ውለታዋ አለብን። በተዘጋ በር ለእናንተ ብቻ የተነገረውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። አሁን በስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ለ፫ኛው ቀልድ አጣሁለት። እንደገና እየጠጣች ነው። በሯን ቆልፋለች፤ ደጃፏ ላይ የማስቀምጠው ምግብ እንዳለ ይመለሳል። ዛሬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስትተነፍስ ብሰማ ደስ አለኝ፤ ሰው በዚህ መደሰት ሲጀምር ምን ቀረው? እባክዎ፣ መልሰው ይቀበሏት። አንገቷን ብትደፋ ጎንበስ ብሎ የሚሰማት፣ የሰማውንም ውጭ የማያወራ አማካሪ ይስጧት። እኔ ከዘበኛው ጋር ደጅ እቀመጣለሁ፤ አልረብሽም። እሷም «የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ከጠሩኝ እመጣለሁ» ብላለች።

ከማይነቃነቅ አክብሮትና ከሚነቃነቁት ቀሪ ጥርሶቼ ጋር፣
አንገት መድፋትን ያስተማርኳት አያቷ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የጥርሴ ነገር እውነት ነው፤ ሌላውም እውነት ነው። ሰላምታውን ግን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከተባረረች ወዲህ ለእኔም ቃል አልተነፈሰችም። ቢጠሯት ትምጣ አትምጣ አላውቅም፤ እስካሁን የጠራት የለም።