ሊላ ጡረታ የወጣችበት ወር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1፡30

ዝናቡ አላባራም። የቴፒ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል፤ ቦቲ አድርጌ ወጣሁ። ከቢሮ በፊት ወርክሾፕ። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የሠሩት የቡና ማድረቂያ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይዞራል። ሁለት ሽቦ አቀያይረዋል። አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ያግኙት ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ቆሜ የማየው ጊዜ አጣሁ።

ቢሮ ስገባ የቦርዱ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኮሌጁን አራት ዓመት ጨምሬ እንድመራ ይፈልጋሉ። መልስ በሁለት ሳምንት። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ምን እዋሻለሁ፤ ደስ አለኝ። በጣም።

ከዚያ ሊላ ትዝ አለችኝ። ባለቤቴ። ኬረላ፣ ሕንድ። በዚህ ወር ከአስተማሪነት ጡረታ ትወጣለች። ያኔ ጠቅልዬ እመጣለሁ ያልኳት እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከተማሪዎቹ ጋር ሸኮ ዋልን። ማድረቂያው የሚተከልበትን ቦታ ለማየት። ገበሬው አቶ ባዩ ጓሯቸውን አስጎበኙኝ። ከቡናው መሐል ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ወጥቷል። ቅጠሉን አሸት አድርጌ አሸተትኩ። የኬረላው የአባቴ ግቢ ሽታ። ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

አቶ ባዩ አዩኝ። ይኼ የእናንተ አገር ተክል ነው ይባላል፣ እውነት ነው? አሉኝ።

አዎ፣ አልኩ።

«እዚህም ለምዷል እኮ። እንደ እርስዎ።»

ሳቅሁ። ግን መንገዱን ሙሉ ዓመቶቼን ቆጠርኩ። ለሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር የመጣሁት። መምህር፣ የት/ክፍል ኃላፊ፣ ዲን፣ ከዚያ ይኼ ወንበር። አሥራ አራት ዓመት። ሊላ መጀመሪያ ዓመት ላይ መጥታ አንድ ክረምት ቆየች፤ ሥራዋን መተው አልሆነላትም፤ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ወር እሄዳለሁ። እንግዳ ሆኜ።

ይኼን በእናቴ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። ሞክሬያለሁ። የሊላን ስም ስጽፍ እጄ ይቆማል። በአማርኛ ይሻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት

ደብዳቤውን ለሊላ አልነገርኳትም። ለአከራዬ ለእትዬ ዘይነባ ግን ነገርኩ። የጅማ ሰው ናቸው፤ ነገር አያለባብሱም። እርድ ፀሐይ ላይ እያሰጡ ሰሙኝ።

«ሚስትዎ ያውቃሉ?»

አታውቅም አልኩ።

ባላቸው ሱዳን ሾፌር ሆነው ስድስት ዓመት ቆይተው ነበር አሉ የተመለሱት። «ምን ከበደኝ መሰለዎት? ሳያንኳኳ መግባቱ። በገዛ ቤቱ እኮ ነው! ግን እደነግጥ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ለመድኩታ። እሱም ማንኳኳት ለመደ።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሊላ ያለ እኔ ምን ምን ለምዳ ይሆን? ጠይቄያት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደወልኩ። በቪዲዮ። ጸጉሯ አጭር ነው፤ ሽበቱም ብዙ። መቼ ተቆረጥሽ አልኳት። ስምንት ወሩ አለች። ስምንት ወር ሙሉ ሳወራት የማየው የድሮውን ጸጉር ኖሯል።

የደብዳቤውን ነገር ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

ደስ ብሎሃል? አለች።

አዎ አልኩ።

ብቻዋን መኖር ከብዷት እንደነበር፣ ኋላ ግን እንደወደደችው ነገረችኝ። አፍራ ነው እስከ ዛሬ የደበቀችኝ። ከዚያ፦ «ቃል ስለገባህ ብለህ አትምጣ። ቃል የሚያከብር ሰው ቤቴ ተቀምጦ ሲተክዝ ማየት አልፈልግም።»

ስልኩን ዘጋን። ስብሰባ ነበረኝ። ገባሁ። ምን እንደተባለ አላስታውስም። ናፍቃኛለች። ፊት ለፊቴ እያየኋት እንኳ ናፍቃኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ሚዛን

ጠዋት ለቦርዱ ሰብሳቢ ቢሯቸው ሄጄ መልሴን ሰጠሁ። አልቀጥልም። በምትኬ ም/ፕሬዚዳንቷን ዶ/ር ትዕግስትን ጠቆምኩ። የሸኮ ልጅ ናት፤ እዚህ ካስተማርኳቸው መጀመሪያ ዶክተር የሆነችው እሷ ናት። ሰብሳቢው እሷ ገና ናት አሉ። እኔ ስመጣ አማርኛ እንኳ አልነበረኝም አልኳቸው። እናስብበት አሉ።

ወጥቼ ውጭ ስትጠብቀኝ ለነበረችው ለትዕግስት ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ፕሮፌሰር፣ እኔን ማን አማከረኝ?»

ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው አልኩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነዎት። ወስነው ጨርሰው ነው የሚነግሩን። ለኛ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይጠይቁን!»

ልክ ናት። ስመጣም፣ ስቆይም፣ ሹመት ስቀበልም ሊላን የጠየቅኋት አንድ ቀን የለም። እነግራት ነበር።

ትዕግስትን ይቅርታ ጠየቅሁ። እዚያው ዝናቡ ስር ቆመን፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ አልኳት። እንባዋን ጠረገች። እስከ ሰኞ አስቤ እነግርዎታለሁ አለች። እሷ እምቢ ካለች ለሰብሳቢው ሌላ ሰው ይፈልጉ እላለሁ። እኔ ግን አልመለስበትም።

11 ሰዓት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሆኜ ሊላ ጋ ደወልኩ። ሥራውን መልቀቄን ነገርኳት። እመጣለሁ አላልኳትም።

«ልምጣ ወይ?» አልኳት።

ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ።

አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገባ ጠየቀችኝ።