ለቅሶ ቤት የተጠጣው ስኳር

ሰኒዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን ግን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ከተለየሽን ሦስት ወር ሆነ። እኛ አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ቅዳሜ ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኛል። ኩሽናው ቅዳሜ ቅዳሜ ያንቺና የልጃችን የሶሊ ላብራቶሪ ነበር። ኮምጣጤ ውስጥ የከረመው እንቁላል ቅርፊቱ አልቆ እንደ ላስቲክ ሲለመጥ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ቁርሴን አበላሻችሁት እያልኩ ስነጫነጭ አንቺ ትስቂ ነበር።

የመጨረሻውን ሙከራ ታስታውሻለሽ? ሆስፒታል ልትገቢ ስትይ በፈላ ውሃ ብዙ ስኳር አሟምታችሁ፣ ብርጭቆው ውስጥ ክር አንጠልጥላችሁ መስኮቱ ጋ አስቀመጣችሁት። ለሻይ ስኳር እንደማልጠግብ ታውቂያለሽና፣ ስኳሬን ጨረሳችሁት ብዬ ነበር። ካልተነካ ክሩ ላይ እንደ ጠጠር እየጋገረ ያድጋል አልሻት። አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሶሊ ትንፋሿን ውጣ ታየው ነበር። አድጎም ነበር።

የለቅሶው ቀን ቤቱ በሰው ሲጨናነቅ ስኳር አለቀ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ፣ መቼም እጃቸው አይቦዝንም፣ ያቺን ብርጭቆ አገኙ። ክሩን ከነጠጠሩ አማስለው ለለቀስተኛው ሻይ አደረጉት። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ሊረዱን ነው የመጡት። ሶሊ ግን መስኮቱን ባዶ ካየች ወዲህ ኩሽና አልገባም አለች። አንዴም አላለቀሰችም፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ትናንት ጨክኜ ስኳሩ የት እንደገባ ነገርኳት። «ዳዲ፣ አንተም ጠጣህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ይጣፍጥ እንደነበር ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን የምን ጣዕም አውቄ! ግን የእጅሽ ሥራ ነውና፣ በጣም ጣፋጭ ነበር አልኳት። ያኔ አለቀሰች። አቅፌያት እኔም አለቀስኩ።

ዛሬ ውጪው በረዶ ነው፤ ሰፈራችን ፓይንሪጅ ጭር ብሏል። እንደ አቅሜ ስኳር በጥብጬ ክር ላንጠለጥል ስል ሶሊ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ውሃው መፍላት አለበት ብላ ተቆጣችኝና ገባች። አብረን አፈላነው። ክሩ እስካሁን ባዶ ነው፤ ያድግ አያድግ አላውቅም።

አልረሳሽም፣ ሰኒዬ። ሶሊ እንዳትሰማ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ከለቅሶው ቀን ወዲህ ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። የመጨረሻው ጣፋጭ ያንቺ እንዲሆን ብዬ ነው።

ባልሽ