ቀጭ ቀጭ ያለው ዲስክና የአባባ ዘፈን

ለምወድሽ እህት ዓለሜ፦

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብ ውጋት ተወሽ ወይስ ዛሬም ባልዲ ስታነሺ ዋይ ዋይ ያሰኝሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? የአባባን ጤና ግን በአንድ ጥያቄ ማለፍ ስላልሆነልኝ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ እናንተን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ከመባባቱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ባለፈው በስልክ ድምፅህ ለምን ከፋው ስትዪኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ጉንፋን የያዘው እኔን ሳይሆን ሙዚቃ የማቀናብርበትን ኮምፒውተር ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አምና መጥቼ ሳለ አባባ ልብስ እየሰፉ ሲያንጎራጉሩ የቀዳሁት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ ቅጂ አለኛ! ቅጂው የት እንዳለ ልንገርሽ? እዚያው ዲስክ ላይ። አንዱን ዲስክ ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን «ሥራ» ግማሹን «መጠባበቂያ» ብዬ ሰይሜ፣ ከወዲያ ወዲህ እየገለበጥኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ይህን ለኮምፒውተር ጠጋኙ ስነግረው፣ አንዱን ቁልፍ በግራ ኪስህ ሌላውን በቀኝ ኪስህ ከትተህ ሱሪውን አሰረቅከው አለኝ። ሳቄ እንኳ አልመጣም።

እጁ ይባረክና ብዙውን አወጣልኝ። አንዱ ግን አልተረፈም፤ አባባ ለአንቺ ሠርግ ራሳቸው ያወጡት ዘፈን። የቀረኝ ስልኬ ላይ የነበረው፣ እኔ «ያጸዳሁት» ቅጂ ብቻ ነው። የስፌት መኪናውን ድምፅ እንደ ጉድፍ ቆጥሬ ለቅሜ አውጥቼዋለሁ። አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ እግራቸው መርገጫው ላይ ካልሆነ አይዘፍኑም፣ መኪናው ሲቆም እሳቸውም ይቆማሉ። ትንፋሻቸው የሚያርፈው በመርገጫው ነው። አሁን ሳዳምጠው ምርኩዛቸውን የቀማኋቸው ይመስለኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሁንና፣ አዲስ ዲስክ ስመርጥ ሰነበትኩ። ሻጩ ኤስ ኤስ ዲ የሚሉትን ፈጣን ዲስክ ሲያሞግስልኝ ዋለ። እውነት አለው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ማይክ ፊት አይጮህም፣ ብዙ መሣሪያ ያለበትን ሥራ ስከፍትም አያስጠብቀኝም። ነገር ግን ውድ ስለሆነ አቅሜ የሚደርሰው ጥቂት የሚይዘው ትንሹ ጋ ነው። ሁሉን በትንሹ ላይ ላጭቅ ካልኩ ደግሞ ጥሬውን ቅጂ እየሰረዝኩ የጸዳውን ብቻ ላስቀር ነው፤ ያን አልደግመውም። ስለዚህ የአዘቦት ልብስ ማንጠልጠያ ላይ፣ የክት ልብስ ሣጥን ውስጥ እንደምናደርገው አደረግኩ። ፕሮግራሞቹንና በእጄ ያለውን ሥራ ለፈጣኑ ሰጠሁት፤ ለማስቀመጫ ሰፊውን፣ ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። እሱንም ሁለት። ጠጋኙ እንዳለው አንደኛው ቅጂ ሌላ ቤት ማደር አለበት።

ያ ሌላ ቤት ያንቺ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፎጣ ጠቅልዬ የላክሁልሽ እሱ ነው፤ እንዳትጥዪው አደራ። አሁን ወደ አባባ ልመለስ። ሐኪሙ ከጉሮሮው ቀዶ ሕክምና በኋላ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል ማለቱን ደብዳቤሽ ላይ ካነበብኩ ወዲህ ፈርቻለሁ፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና፣ ሐኪም ቤት ሳይገቡ የሠርግሽን ዘፈን በስልክሽ ቅጂልኝ። ስልኩን ወንበር ላይ አድርጊው፤ መኪናው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይንቀጠቀጣል። በር አትዝጊ፣ ማንንም ዝም በሉ አትበዪ። ዝፈኑ ብለሽም አትለምኛቸው፤ እንቢ ይላሉ። የቀሚስሽን ጫፍ ተርትሪና አባባ ተተረተረብኝ በያቸው። እያጉረመረሙ ይቀመጣሉ፤ ማጉረምረሙ ዘፈን የሚሆንበትን ቦታ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ከስልክሽ ወደ ዲስኩ የሚገለብጠው እሱ ነው፣ በኮምፒውተር እንደሆነ አይታማም። ለምን ለምን እያለች ለምታደክምሽ ልጅሽ፣ አጎትሽ መልሱን ሲያገኝ ይነግርሻል በያት። ለአባባ እጅ ነሥቻለሁ፤ ዘፈኑ መጥፋቱን ግን አትንገሪያቸው።

ዲስኩን ስትከፍቱት ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ተርፎኝ አይደለም። ለእሳቸው የያዝኩት ቦታ ነው።

ወንድምሽ
መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት ፲፬ ቀን