ሥራ አጥ መሆኔን ላላመኑልኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ሙራትካን ቤይስኬኖቭ፣
የቦዝቡላቅ ከተማ የሥራ አጥነት ክፍያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደ አባቶቻችን ወግ፣ ከብቱና ነፍሱ ደህና ናቸው ወይ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ እንዴት ከረሙ? እያልኩ ጤንነትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በበረዶው ወራት የቢሮዎ ማሞቂያ መስኮት የሚያስከፍት ሙቀት እንደነበረው በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ ጉንፋን እንኳ እምብዛም አልሰጋሁልዎትም።

እኔ ኩላይም ዶስካሊየቫ እባላለሁ። በከተማችን የሱፍ ማጠቢያ ፋብሪካ ከልጅነቴ እስከ ሽበቴ ያገለገልኩ፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህም ከአማቴ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። ባለፈው መኸር ፋብሪካው ሲዘጋ አላለቀስኩም። በየወሩ ከደመወዜ «ለክፉ ቀን» እየተባለ ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ እንዳለኝ አውቅ ነበርና፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ቀጠሮውን እንዳከበረ እንግዳ ተቀብዬ ወደ ቢሮዎ ይዤው መጣሁ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ በልቤ ይዤ መቅረት ነውር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ምስጋናዬን በጽሕፈት ቤትዎ ልማድ መሠረት በተራ ቁጥር ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

፩. ከቀድሞ አለቃዬ ጋር ስላስታረቁኝ አመሰግናለሁ። የመስኮቷ ሠራተኛ አክቦታ ወረቀቶቼን አገላብጣ ከጨረሰች በኋላ፣ እንደ ታላቅ እናቷ አክብራ «አፓ፣ መሰናበትዎን ዳይሬክተሩ ፈርሞ ካላረጋገጠ መዝገቡ አሁንም ሠራተኛ ነው የሚልዎት» አለችኝ። ዳይሬክተሩ ኦራዝካን አጋ በዚያች ሰዓት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት በሠራተኛው ሁሉ ፊት «እንጀራችንን የበላህ፣ አይስማማህ!» ብዬ ሰድቤው ስለነበር፣ ሁለታችንም ላለመተያየት የግድግዳውን ማስታወቂያ ደጋግመን ስናነብ ነበር የቆምነው።

«ዳይሬክተሩ ያውልሽ፣ ከኋላዬ!» አልኳት።

አክቦታ አንገቷን አስግጋ አየችውና፣ «እሳቸውማ ተሰናብተዋል፤ አሁን መፈረም አይችሉም» አለች።

«ከተሰናበትኩ እንግዲያ ለእኔ ክፈሉኛ!» አለ ኦራዝካን አጋ።

«የእርስዎን ስንብት ማን ፈረመልዎት?»

«ማን ይፈርምልኛል፣ ልጄ? ፈራሚው እኔ ነበርኩ!»

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ አውካካ። እሱም ሳቀ፤ ሳይታወቀኝ እኔም ሳቅኩ። ከስድቤ ወዲህ ፊቱን ያየሁት ያኔ ነው፤ በጣም አርጅቷል። በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንመለስ፣ ፋብሪካውን የዘጉት በላይ ያሉት እንጂ እሱ እንዳልነበረ፣ የመዘጋቱን ማስታወቂያ አንብብ ተብሎ መላኩን ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ዕርቅ ሽማግሌዎች በግ አርደው እንኳ ባላመጡት፤ ቢሮዎ ግን በአንድ ጥያቄ ፈጸመው።

፪. ቤቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። ክፍያው «በሂደት ላይ ነው» እየተባለ በረዶው ወረደ፤ ሂደት ደግሞ ምድጃ ውስጥ ቢጨምሩት አይነድም። ስለዚህ በመጀመሪያ የበጎቹን በረት በር፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥኑን፣ በመጨረሻም በሙሽርነቴ ልብሴን ይዤበት የመጣሁትን ባለአበባ ሳንዱቅ ወደ መፍለጫው አወጣሁት። ሳንዱቁን ልፈልጥ ብዬ መጥረቢያውን እንዳነሣሁ እጄ ቆመ። ሳንባዋን የሚያማት አማቴ ዝሊካ በተከፈተው በር በኩል ከነብርድ ልብሷ እያየችኝ ኖሮ፣ «ምን ታዪዋለሽ? ስንጠቂው እንጂ! እኔ ስሞት እንባሽን አጣጥፈሽ ልታስቀምጪበት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያም ሳል ያዛት። ሰነጠቅኩት። ቀለም የተቀባ እንጨት ሲነድ ሰማያዊ ነበልባል እንደሚያወጣ ያወቅኩት በእርስዎ ቸርነት ነው።  ዛሬ ቤታችን እጅግ ሰፊ ነው፤ ድምፃችን እንኳ ተመልሶ ይሰማናል።

፫. ሳልመኘው ነጋዴ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። በሰማይ ያለችኝ ላም ወተቷን አላወርድ ስትል፣ በምድር ያለችኝን አልቤ በመኸር ያደረቅኩትን ኩርት፣ ያን ጨዋማ የእርጎ ድብልብል፣ አውጥቼ አውቶቡስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ መሸጥ ጀመርኩ፤ ለአማቴ የሳል መድኃኒት የሚሆን ጥቂት ተንጌ ነበር ጥያቄዬ። አንድ ቀን መስኮቷ ጋ ስደርስ አክቦታ ዓይኗ ቀልቶ፣ ምሳም ሳትበላ አገኘኋት። አንጀቴ አልችል ስላለ እፍኝ ኩርት በመስኮቱ አቀበልኳት።

«ውይ አፓ፣ እንዴት ይጣፍጣል! ይሸጣሉ እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ጣቢያው ጋ። ምን ላድርግ ብለሽ።»

 ልጅቷ የጣቷን ጨው በቀሚሷ ጠርጋ፣ «እንግዲያ የግል ሥራ አለዎት ማለት ነው» አለችና ኮምፒውተሯን መነካካት ጀመረች።

«አንቺ ልጅ፣ ገና ሳትውጪው?»

«ይቅር ይበሉኝ አፓ፤ ሰምቼ ካልመዘገብኩ እኔንም ያባርሩኛል።»

ይህን ስትለኝ እያኘከች፣ ደግሞም እያለቀሰች ነበር። በእሷ አልፈርድም። አንዲትን ልጅ በአፏ ኩርት፣ በልቧ ፍርሃት ጎርሳ እንድትሠራ ያሰለጠነ አለቃ ግን ሽልማት ይገባዋልና፣ በስምዎ ሜዳሊያ እንዲቀረጽ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አራተኛውን ቁጥር ለመጻፍ ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ውለታ የእርስዎ አይደለም። ኦራዝካን አጋ የፋብሪካውን ዕቃ ለመሸጥና በዳይሬክተሩ ፈንታ ለመፈረም የተሾመውን አጣሪ ፍለጋ በዚያ ውርጭ እስከ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሄደ። ሰውየው በሩን አልከፍትም ሲለው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለበት። የሁላችንንም የአጣቢዎቹን ስንብት አስፈርሞ ተመለሰ፤ «የአንተስ?» ስንለው፣ «የአለቆችን አልፈርምም አለኝ፤ እናንተ ቅደሙ» ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል የእኛ ገንዘብ ገባ። የእሱ እስከ ዛሬ አልገባም።

ገንዘቡ በገባ ማግስት ታዲያ የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ ደረሰኝ፤ የአክቦታ ምዝገባ ከገንዘቡ ዘግይቶ ደርሶ ኖሮ፣ ኩርት የምትሸጥ ሴት ሥራ አጥ አይደለችምና የተከፈለኝን በሙሉ እንድመልስ ይላል። ክቡር ሆይ፣ ብርድ ያስለቀቀውን ገንዘብ ብርድ እንዳይመልሰው ብዬ በገባበት ዕለት የድንጋይ ከሰል ገዝቼበታለሁ፤ በበልግ ርካሽ ነው። ግማሹ የእኔ ግቢ፣ ግማሹ የኦራዝካን አጋ ግቢ ተቆልሏል። ገንዘብ ስለሌለኝ በዓይነት ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ ጆንያ ይዘው ይምጡ፣ አካፋ አውሳለሁ። አማቴም ወንበር አውጥታ ክምሩ ፊት ተቀምጣለች። «ይምጣና ይዛቅ፤ ፊቱን አይቼ ልሙት» ትላለች። መሞቱን እንኳ ተዉት፣ ከከሰሉ ወዲህ እጅግ በርትታለች።

የማይደፈረውን ደጃፍዎን እየተሳለምኩ፣ ለመዝገብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በመስኮትዎ ፊት ለመቆም የተፈጠርኩ ታዛዥዎ፦

ኩላይም ዶስካሊየቫ
በእርስዎ መዝገብ በመጀመሪያ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ነጋዴ፣ አሁን ባለዕዳ፤
በጎረቤቶቼ ዘንድ ሥራ አጥ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ሊዋሐድ ነው፣ ከሁለቱ ኃላፊዎችም አንዱ ሊቀነስ ነው የሚባል ወሬ ገበያው ውስጥ ሰማሁ። ወሬ ብቻ ከሆነ እሰየው። እውነት ከሆነ ግን ምንም አይስጉ፤ ወፍራም ካልሲ አድርገው በማለዳ ይምጡ፣ ሰልፉን ለምጄዋለሁና ከኋላዬ ተራ እይዝልዎታለሁ።