ድምፃቸውን የነፈጉኝ እህቴ

መምህርት ሎርና ሃስኪንስ ቲቦ ከአባታቸው ከአቶ ኧርል ሃስኪንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኒና ፔሪ በቬርሞንት፣ ኮርዊን መንደር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1941 ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ዊኒ ነኝ።

በ1963 ከአቶ ሬይ ቲቦ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ጁንንና ማርክን አፍርተዋል። ሬይን መጀመሪያ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

በመንደራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሠላሳ አራት ዓመታት ሥነ ዜጋ አስተምረዋል። ተማሪዎቹን ሕግ ያስወጡና፣ “አሁን ይህን ሕግ የሚያስከብርባችሁ የምትጠሉት ልጅ ነው፤ አንድ ቃል ትለውጣላችሁ?” ይሏቸው ነበር። ሁሉም እርሳሱን ያነሳል።

በየመጋቢቱ ነዋሪው ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥበትን የመንደሩን ጉባኤ የሚመሩትም እሳቸው ነበሩ። በ1986 እኔ የመንደሩ አስተዳደር ቦርድ ሊቀመንበር ሳለሁ፣ የወንዙን ድልድይ ጉዳይ ቦርዱ ሕዝብ ሳይጠራ እንዲወስን ሐሳብ አቀረብኩ። የድልድዩን ጥናት ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ድምፁ ሰማንያ ሰባት ለሰማንያ ሰባት ሆነ። እኩል ሲሆን የሚለየው ሰብሳቢው ነው። እህቴ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ “እቃወማለሁ” አሉ።

ደጅ በረዶው ላይ ጠብቄ፣ “እህትሽ አይደለሁም እንዴ?” አልኳቸው።

“ነሽ እንጂ ዊኒዬ። አንቺንማ አምንሻለሁ። ካንቺ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ግን አላውቀውም።”

“ኤጭ! እኔንም ተማሪ አደረግሽኝ?”

ሥልጣኔን ለቀቅሁ፤ ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ድልድዩ በቀጣዩ ዓመት በሕዝብ ድምፅ ተሠራ። ጥናቱ የእኔ ነው፤ መንደርተኛው ግን እስከ ዛሬ “የሎርና ድልድይ” ይለዋል። ያስታረቀን የእናታችን ቀብር ነው።

ባለፈው መኸር የሳንባ ሕመም ጣላቸው። ሳስታምማቸው ከረምኩና አንድ ቀን፣ “ዕድሜዬን ሙሉ ስቀናብሽ ኖርኩ” አልኳቸው።

ሳቁ። “ቀድሜ የቀናሁትስ እኔ ነኝ! የተወለድሽ ቀን፣ እማዬን ወሰደችብኝ ብዬ በረት ገብቼ አልቅሻለሁ።”

በዚህም ቀደሙኝ።

ሚያዝያ 3 ቀን 2018 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍስሽን በቀኙ ያሳርፍልኝ፣ እህት ዓለም። ከጎንሽ ቦታ ያዢልኝ።