አርዴብ እንጂ አድባር አይደለም፤ የወይዘሮ ዕፀገነት ባልቻ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዕፀገነት ከአባታቸው ከአቶ ባልቻና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ በ1966 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ስምኦን ጋር ትዳር መሥርተው ልጆቻቸውን ትሕትናንና ወንጌልን አፈሩ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩአቸው በ2003 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው ጁባ መጡ፤ ሙኑኪ ሰፈር በተከራዩት ግቢም ምግብ ቤት ከፈቱ።

በግቢው ውስጥ እኛ ሮቃ፣ የጁባ ሰው ግን አርዴብ የሚለው ትልቅ ዛፍ ነበር። ወይዘሮ ዕፀገነት ፍሬውን ዘፍዝፈው፣ ጨምቀው መጠጥ ያደርጉታል። በሎሚ ፈንታ ወጥ ላይ ይጨምሩታል፤ ሆዱ ለደረቀ ያጠጣሉ፤ ወባ ለያዘው በጆግ ይልካሉ። ቅጠሉንም ቀቅለው ቁስል ያጥቡበታል። በረመዳን የማላኪያ ገበያ ነጋዴዎች ለማፍጠሪያ ከእሳቸው ይወስዱ ነበር፤ አንዳቸውም ዛፉ የማን አምላክ ነው ብለው አልጠየቁም።

የጠየቅነው እኛ ወገኖቻቸው ነን። በ2013 ዓ.ም. ከወባ ተነሥተው በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሲመሰክሩ «ጌታ በአርዴብ አዳነኝ» አሉ። አንድ ሽማግሌ «በአድባር» ብለው ሰሙ። እኔ የወይዘሮ ዕፀገነት የእህት ልጅ ናዝራዊት የሽማግሌውን ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ መላ የጨመረ ግን ጠፋ። ጭራሽ ዛፉን ቅቤ ሲቀቡ አይተናል የሚሉ ተገኙ! አርዴብ ምን እንደሆነ ካስተም ገበያ ሄዶ አንድ ቸርቻሪ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዛፉን ቁረጪ ሲባሉ፣ «ጌታ ያበቀለውን ለእናንተ ጆሮ ብዬ አልቆርጥም» አሉ። በዚህ መልሳቸው ከመዘምራን ወጡ፤ ከጌታ እራትም ተከለከሉ። የፈረዱባቸው ሰዎች ግን ትኩሳት በያዛቸው ቁጥር ጆግ ይልኩ ነበር። እሳቸውም ሞልተው ይመልሱላቸው ነበር። እኔ ብሆን አልሞላም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። በአልጋ ላይ ሆነው ደጋግመው የለመኑት የጌታን እራት ብቻ ነበር። አልተሰጣቸውም። ሰው የነፈጋቸውን ማዕድ ጌታቸው ራሱ እንዳቀረበላቸው እናምናለን፤ ትሕትናንና ወንጌልንም እርሱ ያጽናናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚነበበው በዚያው ዛፍ ሥር ነው፤ ጥላው ስለበቃን ድንኳን አልተከልንም። ስማቸውን ያልጠራሁት ሽማግሌም ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አሁን እንደ ኑዛዜያቸው ለሁላችሁም በብርጭቆ ይቀርብላችኋል። ስሙ አርዴብ ነው።