ላዳዬ ቤንዚን የጠጣችበት ሳምንት

ማክሰኞ
ዛሬም ሰልፍ። ጠዋት ማደያ የቆምኩ ፀሐይ አናቴ ላይ ስትወጣም እዚያው ነበርኩ። ደግነቱ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ የአማቷን ጉድ ስሰማ ተራዬ ደረሰ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ላዳዬ ጠጪ ሆናለች፤ የሞላሁት ቶሎ ያልቃል።

ማታ ወልዴ ራት ላይ፣ "ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ መጥቶ ያያታል" አለኝ። የኔ ባል ከባድ ነገር የሚናገረው ጉርሻ አፉ ውስጥ እያለ ነው።

እሷ ከተሸጠች በርበሬዬን ወፍጮ ቤት በምን ላድርስ? ሽሮዬንስ አየር ጤና ላሉት ሱቆች በምን ላከፋፍል? በርበሬ ይዤ ሚኒባስ ስገባ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ሲረግመኝ የነበረውን አልረሳሁትም። "ካርቡራተሯን ላሠራትና እንያት" አልኩት። "እስከ እሑድ" አለ። እሺ፣ እስከ እሑድ።

ረቡዕ
ሙሌ ጋራዥ ሄድኩ። "ባለፈው አስተካክዬልዎት የለም እንዴ እትዬ? ማን ነካት?" አለኝ። ማን ይነካታል! ሞተሯ እሳት የምትጭርበትን ካንዴላ ፈትቶ አሳየኝ፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሶ ነው አለ። ገባኝ፤ ሽሮ በዝቶ ውሃ ሲያንስ እንደሚሆነው ነው።

ካርቡራተሯ ላይ ሁለት ብሎን አለ። አንዷ ሚኒሞ ናት፤ መኪናዋ ስትቆም ሞተሩ እንዳይጠፋ ትይዘዋለች። ሌላዋ ቤንዚኑን ከአየሩ ትመጥናለች። ሙሌ አጠበ፣ ነፋ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ በትንሽ በትንሹ አዞረ። ሞተሯ ለዘብ አለች።

ወልዴ እንዲያምን ደግሞ መላ ሰጠኝ፦ ከታንከሩ የሚመጣውን ዘግተን፣ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን በቱቦ እንሰጣታለን፤ የት ድረስ እንደምትሄድ ይታያል። ለወልዴ ነገርኩት። "ከቤት ተነስታ አየር ጤና ደርሳ በዚያችው ከተመለሰች አልሸጥም" አለ። ቃሉን ይዣለሁ!

ሐሙስ
ደስ የሚል ቀን። ሁለት ኬሻ በርበሬ ጭኜባት ዳገቱን ወጣች፣ ያውም ሳታጨስ። ወልዴ ግን ከበሩ ላይ ቆሞ አዳመጣትና፣ "ድምጿ አነሰ፣ ደከመች መሰለኝ" አለ። ምቀኛ።

ዓርብ
ጉድ! ጠዋት ሳስነሳት ጥቁር ጭስ። የጎረቤቴ የእማማ ወርቄ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ተሰጥቶ ነበር ነው የምለው፤ አሁን ነጭ አይደለም። "ልጄ፣ ይቺን መኪና ጠበል ውሰጃት" አሉኝ። አንሶላውን ራሴ አጠብኩ።

ሙሌ ጋ በረርኩ። ገና ኮፈኑን ሲከፍት፣ "ብሎኗ ተነክታለች" አለ። ማልኩለት፤ ዝም ብሎ ሳቀብኝ። መልሶ አስተካከላት። ሰፈር ውስጥ ጠላት አለኝ ማለት ነው? እንቅልፌ ሄደ።

ቅዳሜ
ጠላቴን ያዝኩት። ጎህ ሲቀድ ግቢ ውስጥ ኳ ኳ ሲል ሰምቼ ወጣሁ። ወልዴ በፒጃማ፣ ኮፈኑ ሥር አንገቱን ቀብሮ፣ በእጁ የሽንኩርት ቢላዬ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ሚኒሞዋን ከፍ እያደረግኩልሽ ነዋ! ጦር ኃይሎች ላይ ጠፍታብሽ ታክሲዎቹ ሰድበውሽ እያለቀስሽ አልገባሽም? ዳግመኛ እንዳትጠፋብሽ ብዬ ነው።"

ሚኒሞ ብሎ የሚያላላት ግን ቤንዚን የምትመጥነዋን ብሎን ነው! ሙሌ ባስተካከለ ቁጥር እሱ ያበላሻል። "ራስህ እያጠጣሃት ራስህ ጠጪ ትላታለህ?" አልኩት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብሎን ሁሉ ብሎን ነው" አለ። ልቆጣ ብዬ ሳቄ ቀደመኝ። ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይውደደኝ?

ሙሌ ጋ ይዤው ሄጄ የቢላውን ጉድ አወራሁለት። "ጋሽ ወልዴ፣ ቢላውን ቤት አስቀመጡት?" ብሎ ጀመረው። ከዚያ ካቻቢቴውን ሰጠውና ራሱ እያዳመጠ እንዲያዞር አደረገው። የኔ ሰውዬ ምላሱን ጥርሱ መሃል ይዞ፣ ልክ እንደ ተማሪ። ሞተሯ ስትረጋ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ።

እሑድ
ሙሌ መጥቶ ፕላስቲኳን ኮፈኑ ሥር አሰረልን፤ እኔና ወልዴ ወጣን። ጦር ኃይሎች መብራት ላይ ስንቆም፣ "ጠፋች! ጠፋች!" ብሎ ጮኸ። "አልጠፋችም፣ ጨዋ ሆና ነው" አልኩት። አየር ጤና ደረስን። ዞርን። ወልዴ ዓይኑን ከኮፈኑ ላይ አይነቅልም፤ እኔም በልቤ እጸልያለሁ። 18 ማዞሪያን ስናልፍ እልል ልል ነበር።

የሰፈራችን ዳገት ላይ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። የግቢያችን በር እየታየ! እጄን መሪው ላይ ጥዬ ቀረሁ። ወልዴ ወረደ። በቃ፣ ለገዢው ሊደውል ነው አልኩ። ኮቱን አውልቆ የኋላ ወንበር ላይ ወረወረና ከኋላ ሆኖ ይገፋ ጀመር። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች፣ "ጋሼ፣ ቤንዚን ሆኑ እንዴ?" ይሉታል። "መጥታችሁ ግፉ፣ ወሬኛ ሁላ!" መጡ። እየሳቁ እስከ ግቢው አስገቡን።

"ደረሰች" አለ እያለከለከ።

"ተገፍታ እኮ ነው።"

"ደረሰች አልኩሽ!"

ከዚያ ስልኩን አወጣና ለገዢው ደወለ። "ወንድሜ፣ ይቅርታህን፣ ባለቤቴ አልሸጥም ብላ ድርቅ አለች፤ ሴት ምን ታደርጋታለህ?" ይላል፣ እያየኝ። እሺ፣ እንቢተኛዋ እኔ ልሁን።